አባቴ በኡቡንቱ የጻፈው ደንብ

ካርቶኑን ከአልጋ ሥር ስጎትተው ቀድሞ የወጣው ሽታው ነው፤ እርጥበት የገባበት ወረቀት፣ ናፍታሊን፣ በመሐል ደግሞ አሮጌ ፕላስቲክ። የምፈልገው የሃርድ ዲስክ ገመድ ነበር። ላፕቶፔ አርጅቷል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አበቃ፤ ወደ ዊንዶውስ 11 ላሻግረው ብል ፕሮሰሰሩ ከተፈቀደው ትውልድ በታች ሆነ። ማሽኑ ግን ጤነኛ ነው። ኪቦርዱ ይሠራል፣ ስክሪኑ ጥርት ያለ ነው፣ ለምሠራው ሥራ ፍጥነቱ ይበቃኛል። የሚሠራን ዕቃ አርጅተሃል ተብሎ ስለተነገረው ብቻ መጣል አልሆነልኝም። ሊኑክስ የሚባለውን ነጻ ሥርዓተ ክወና ልጭንበት ወሰንኩ፤ ከዚያ በፊት ፋይሎቼን ላወጣ ገመዱን ስፈልግ ነው አንድ የወረቀት ኪስ እጄ የገባው።

ኪሱ ላይ የኡቡንቱ፣ የአንዱ የሊኑክስ ዓይነት፣ ክብ ምልክት አለ። ከሥሩ 8.04 ይላል። ስምንቱ ዓመቱ፣ ዜሮ አራቱ ወሩ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 16 ቀን 2000 ዓ.ም. የወጣ ማለት ነው። ሚሊኒየሙን ያከበርንበት ዓመት! የዛሬው ላፕቶፔ ሲዲ የሚጎርስበት ቦታ እንኳን የለውም። እኔ ግን ሲዲውን እንደያዝኩ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። ኮልፌ ያለው ቤታችን መጣብኝ፤ ሳሎኑ፣ የጣውላው ጠረጴዛ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልገው አባቴ።

ያኔ አራት ኪሎ የሳይንስ ፋኩልቲ ተማሪ ነበርኩ። አክስቴ ከአሜሪካ የላከችልን አንድ ወፍራም ላፕቶፕ ነበረን። ለሁላችንም የተላከ ቢሆንም በተግባር የሁለት ሰዎች ነበር፤ የእኔና የአባቴ። መብራት በፈረቃ ይመጣ ስለነበር ተራችንን የሚወስነው የመብራቱ ቀን ነው። ባትሪው ሲሞላ አንዳችን እንይዘዋለን፤ ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ሲጀምር ባለችው ደቂቃ ሥራችንን ለማስቀመጥ እንሯሯጣለን።

ውስጡ ያለው ዊንዶውስ ኤክስፒ ነበር። ከሱቅ የተገዛ ሳይሆን የተገለበጠ፤ ሲዲው ላይ በማርከር ስሙ የተጻፈበት፣ ቁልፉ በወረቀት ቁራጭ የተሰጠን። በከተማው ያየሁት ኮምፒውተር ሁሉ እንደዚያው ነበር። በየሦስት በአራት ወሩ ማሽኑ ይከብዳል፣ ይንተባተባል፣ ከዚያ ፒያሳ ወስደን ፎርማት እናስደርገዋለን። ፎርማት የሚያደርገው ልጅ የሚሰጠን ምክር አንድ ነው፤ «ፍላሽ አታስገቡበት።» ፍላሽ ሳያስገቡ ግን እንዴት ይኖራል? ኢንተርኔት ቤት የወረደው ማንበቢያ፣ የክፍል ጓደኛ አሳይንመንት፣ የሠርግ ፎቶ፣ መዝሙርና ዘፈን ሁሉ የሚንቀሳቀሰው በፍላሽ ነበር። ቫይረሱም አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር።

ኡቡንቱን የሰማሁት ከአንድ የክፍላችን ልጅ ነው። ማርክ ሻትልዎርዝ የሚባል ደቡብ አፍሪካዊ፣ በ2002 እ.ኤ.አ. በራሱ ገንዘብ ወደ ጠፈር ወጥቶ የተመለሰ ሰው፣ ያቋቋመው ድርጅት ሲዲውን ለጠየቀ ሁሉ የፖስታውን ወጪ ራሱ ችሎ በነጻ እንደሚልክ ነገረን። አገልግሎቱ ሺፕኢት ይባል ነበር። ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ቅጹን ሞላሁ። አድራሻ የሚለው ቦታ ላይ የአባቴን የፖስታ ሳጥን ቁጥር ጻፍኩ። አባቴ ሳጥኑን ከሥራ ዘመኑ ጀምሮ ይዞት ነበር፤ ቁልፉ ከቤቱ ቁልፍ ጋር አንድ ላይ ይንጠለጠላል፤ ጡረታውን ሊቀበል በወጣ ቁጥር ቸርችል ጎዳና ዋናው ፖስታ ቤት ጎራ ብሎ ሳጥኑን ከፍቶ ያያል። አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው። ቢሆንም ሳያየው አይመለስም።

ሳምንታት አለፉ፤ እኔም ረሳሁት። አንድ ቀን ከሰዓት አባቴ ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ፖስታውን በሁለት እጁ ያዘው።

«ያንቺ ስም ነው ያለበት። ከውጭ አገር ነው የመጣው።»

«ሲዲ ነው አባባ። ኮምፒውተሩ ላይ የሚጫን።»

«ስንት ከፈልሽ?»

«ምንም። በነጻ ነው የሚልኩት።»

ዝም ብሎ ቴምብሩ ያለበትን ቦታ አየ። ዕድሜ ልኩን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት የነበረ ሰው ነው፤ ያለ ደረሰኝ የሚመጣ ነገር ይከብደዋል። «ማንም ሰው ሳያውቅሽ ይህን ያህል መንገድ በነጻ አይልክልሽም። ምን እንደሚፈልጉ እስኪገባሽ ድረስ ከኮምፒውተሩ ጋር እንዳታነካኪው።» አልቆጣሁም። ጥያቄው ትክክል ነበር፤ ዛሬም ነጻ ነው የተባለ ነገር ሳይ የማስቀድመው የእሱን ጥያቄ ነው።

ደግነቱ ያ ሲዲ ሳይጫን ይሞከር ነበር። ሲዲውን አስገብቶ ማሽኑን ማስነሳት፤ ዊንዶውሱ ሳይነካ ሙሉው ሥርዓት ከሲዲው ላይ ይነሳል። ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው። ሲዲው ይሽከረከራል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይሽከረከራል። ከዚያ ስክሪኑ በቡናማና በብርቱካናማ ቀለም ተሞላ፤ ከበሮ ያለበት አጭር ድምፅ ተሰማ። የኤክስፒን ሰማያዊ ሰማይና አረንጓዴ ኮረብታ ለለመደ ዓይን ያ ቡናማ እንግዳ ነበር፤ አባቴ ግን «አፈር ይመስላል» ብሎ ወደደው።

ዴስክቶፑ ላይ የናሙና ፋይሎች የያዘ ፎልደር ነበር፤ ውስጡ አንድ አጭር ቪዲዮ። ስከፍተው ኔልሰን ማንዴላ ናቸው። ድሮ መንገደኛ ወደ አንድ መንደር ሲደርስ ሳይለምን ምግብና ውሃ ይሰጠው እንደነበር በዚያ በረጋ ድምፃቸው ያስረዳሉ። አባቴ ወንበሩን አስጠጋ። «እኚህ ሰውዬ እኮ እዚህ እኛ ሰፈር ነበሩ» አለ። እውነት ነው። በ1954 ዓ.ም. ማንዴላ ኮልፌ በሚገኘው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕ ወታደራዊ ሥልጠና ወስደዋል፤ ያሠለጠኗቸው መኮንኖች አለቃ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ነበሩ። አባቴ ያኔ ጎረምሳ ነው። በካምፑ አጥር ሥር እያለፈ ትምህርት ቤት ይሄድ እንደነበር ነገረኝ፤ ማን እዚያ ውስጥ እንዳለ ግን ማንም አላወቀም። ቪዲዮውን ደግመን አየነው። ከዚያ በኋላ ስለ ነጻው ሲዲ ያለው ጥርጣሬ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

ጨርሶ የጠፋው በእድሩ ፍላሽ ምክንያት ነው።

አባቴ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነበር። የአባላት መዝገብ፣ የመዋጮ ሒሳብ፣ የድንኳንና የወንበር ቆጠራ፣ መተዳደሪያ ደንቡ ሁሉ በአንድ ፍላሽ ላይ ነበር። አንድ ቅዳሜ ለስብሰባ ወረቀት ሊያሳትም ጽሕፈት ቤት ወስዶት ተመለሰ። ፍላሹ ሲከፈት የእያንዳንዱ ፎልደር ስም አለ፤ ሲጫኑት ግን የሚከፈት ነገር የለም። ፎልደር መስሎ የተቀመጠው ቫይረሱ ራሱ ነበር፤ እውነተኞቹን ፎልደሮች ደብቆ በየስማቸው የተተካ። ሌላ ቦታ ወሰደው፤ ፎርማት ከመደረግ ውጭ ተስፋ የለውም ተባለ። የእድሩ ዳኛ ቤታችን ድረስ መጥተው ሶፋው ላይ ተቀምጠው «የሟቾች ቤተሰቦች ሰነድ አለበት እኮ፤ ምን ልንላቸው ነው?» አሉ። አባቴ የሚመልሰው አጣ። እናቴ ቡናውን አቅርባ እሷም ዝም አለች።

ሲዲውን አስገብቼ ማሽኑን አስነሳሁትና ፍላሹን ሰካሁ። ሁሉም ነገር ታየ። ቫይረሱ ፎልደሮቹን የደበቀው በዊንዶውስ የመደበቂያ ምልክት ነው፤ ሊኑክስ ያንን ምልክት ከቁም ነገር አይቆጥረውም። እነዚያ ፎልደር የመሰሉ ነገሮች ደግሞ እዚህ ሲታዩ መጨረሻቸው ኢኤክስኢ የሆነ ተራ ፋይሎች ናቸው፤ ለዊንዶውስ ስለተሠሩ እዚህ የሚያደርጉት ነገር የለም። አንድ በአንድ መርጬ አጠፋኋቸው። የአባላት መዝገቡን ስከፍት ዳኛው ከሶፋው ተነሥተው ከኋላዬ ቆሙ፤ አባቴ በጣቱ ስክሪኑ ላይ ስሞቹን እየተከተለ ማንበብ ጀመረ። ያን ዕለት ማታ «ጫኚው» አለኝ። ከዚያ ወዲያ የሰፈሩ ፍላሽ ሁሉ እኛ ቤት ይመጣ ጀመር።

የአባላቱ ስም የተጻፈው በእንግሊዝኛ ፊደል ስለነበር ነው በቀላሉ የተነበበው። መተዳደሪያ ደንቡ ግን አማርኛ ነው፤ ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ የሥርዓተ ነጥብ ምልክቶች፣ ጭረቶች ድብልቅልቅ ብለው መጡ። ይህ የሆነው በቫይረሱ አልነበረም። ከዩኒኮድ በፊት የተሠሩት የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሮች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ኮድ ነበራቸው። ኮምፒውተሩ አንድን ፊደል የሚያስቀምጥበት ቦታ 256 ብቻ ሲሆን የእኛ ፊደል ከነዝርያውና ከነቁጥሩ ከ300 በላይ ነው፤ ስለዚህ ሁሉም በራሱ ዘዴ እየሸነሸነ በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ላይ አስቀመጠው። በአንዱ የተጻፈ ሰነድ ያ ሶፍትዌር በሌለበት ማሽን ላይ ዝባዝንኬ ይሆናል። ዩኒኮድ በ1999 እ.ኤ.አ. በ3.0 እትሙ የኢትዮጵያን ፊደል ካካተተ በኋላ ነው እያንዳንዱ ፊደል በዓለም ሁሉ አንድ የታወቀ ቁጥር ያገኘው። እኛ ቤት ግን ዩኒኮድ ገና አልደረሰም ነበር።

የደረሰው በኢንተርኔት ቤት በኩል ነው። አቢሲኒካ የሚባለውን ነጻ ፎንት፣ ኤም17ኤን የሚባለውን የመጻፊያ ሥርዓት ከሚያስፈልጓቸው ተጨማሪ ፋይሎች ጋር አውርጄ በፍላሽ ይዤ መጣሁ። አንዱን ስጭን ሌላ ይጎድለዋል፤ የጎደለውን ስም ወረቀት ላይ ጽፌ ተመልሼ እሄዳለሁ። ኢንተርኔቱ በደቂቃ ይከፈልበታል፣ መስመሩ ይቆራረጣል። ቤት ውስጥ በስልክ መስመር እንዳልገናኝ የላፕቶፑ ሞደም ለሊኑክስ የሚሆን ድራይቨር አልነበረውም። ከሁሉም ያታከተኝ ይህ ነው፤ ዛሬ ሊኑክስ ያኔም ቀላል ነበር የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ አልስማማም። ቀላል አልነበረም። ዋጋ ያለው ነበር።

ሲጠናቀቅ አባቴን አስቀመጥኩት። አሥሩንም ጣቶቹን ይጠቀማል፤ ግን የለመደው የኦሊቬቲ ጽሕፈት መኪና ነው፤ አንዱን ፊደል መትቶ ቅጥያውን በሌላ ምት የሚጨምርበት። እዚህ ደግሞ የእንግሊዝኛውን ኤል ሲጫን «ል» ይመጣል፣ ኢ ሲያስከትል «ለ» ይሆናል። መጀመሪያ ተናደደ። «ለአማርኛ በእንግሊዝኛ በኩል ማለፍ አለብኝ?» አለ። ከዚያ እጁ መንገዱን አገኘው። ፊደሉ ሲመታ ተለውጦ ሙሉ ሆኖ መምጣቱን ማየት ደስ ይለው ጀመር፤ ጽሕፈት መኪናው ላይ በቅጥያ የሚንገዳገዱት እነ «ኋ» እና «ቷ» እዚህ ቀጥ ብለው ቆሙ። የደንቡን የታተመ ቅጂ አጠገቡ አድርጎ ከአንቀጽ አንድ ጀመረ። መብራት በሚመጣበት ምሽት ሁሉ የኪቦርዱ ድምፅ ከሳሎን ይሰማል፤ እኩል የተመጠነ፣ የታይፒስት ምት። እናቴ «አሁን ደግሞ ሥራ ገባህ» ትለው ነበር።

አንድ ነገር ብቻ እስከ መጨረሻው አልተዋጠለትም። ሥርዓቱን ወደ አማርኛ ስቀይረው የቀኖቹ ስም ሰኞ ማክሰኞ እያለ መጣ፤ ወራቱ ግን ጃንዩወሪ ፌብሩወሪ ነበሩ። «ይህን የሠራ ሰው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን በሚል ስም የሠሩ ሰዎች እንደሆኑ፣ ማንም ሳያዝዛቸው አማርኛን በሊኑክስ ውስጥ እንዳስገቡ ነገርኩት። ዝም አለ፤ ከዚያ «እንግዲያው ጽፈሽ ንገሪያቸው፤ ያስተካክሉት» አለ። ያለ ደረሰኝ የመጣውን ነገር የተጠራጠረው ሰው አሁን ባለቤት ሆኖ ይናገር ነበር።

ያኔ ላስረዳው የሞከርኩትን ዛሬ የተሻለ ላስረዳው እችል ነበር። ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 እ.ኤ.አ. ጂኤንዩ የሚባለውን ሥራ ሲያስታውቅ የፈለገው ሰው የሚጠቀምበትን ፕሮግራም ውስጡን ማየት፣ መለወጥና ለጎረቤቱ ማካፈል እንዲችል ነው። የሄልሲንኪው ተማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ደግሞ በ21 ዓመቱ፣ በእኛ ነሐሴ 19 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ደርግ በወደቀ በሦስተኛው ወር፣ ለራሱ መለማመጃ የጀመረውን ሥርዓት ለሌሎች አስታወቀ። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ዛሬ ሊኑክስ የምንለው መጣ። ከቴክኒኩ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ፈቃዱ ነው፤ ጂፒኤል የሚባለው። አባቶቻችን በብራና መጽሐፍ መጨረሻ መጽሐፉን የሰረቀውን፣ የፋቀውን የሚያወግዝ ግዝት ያሰፍሩ እንደነበረው ሁሉ፣ ጂፒኤልም ከሥራው ጋር አብሮ የሚጓዝ ግዝት አለው፤ ገልብጠው፣ አሻሽለው፣ ሽጠውም፤ ስታስተላልፈው ግን በሌላው ላይ እንዳትቆልፈው። አባቴ ዳዊት ደጋሚ ነበር። ይህን ቢሰማ ወዲያው ይገባው ነበር።

እሱ ካረፈ ዓመታት አለፉ። እድሩ አለ፤ ጸሐፊው ሌላ ነው። ሺፕኢት በ2011 እ.ኤ.አ. ተዘጋ፤ ሲዲ የሚጠይቅ ሰውም አልቀረም። የፖስታ ሳጥኑን ቤተሰቡ አላደሰውም።

አሁን የተጠቀምኩት ሊኑክስ ሚንትን ነው፤ መሠረቱ ያው ኡቡንቱ ነው። ከኢንተርኔት አውርጄ ፍላሽ ላይ አዘጋጀሁት፤ ፍላሹን ሰክቼ ማሽኑን ሳስነሳ እንደ ድሮው ሳይጫን ተነሣ። ዋይፋዩ ወዲያው ሠራ። ድምፁም፣ ካሜራውም፣ ፕሪንተሩም። የሚጎድል ነገር በወረቀት ጽፌ የምሮጥበት ኢንተርኔት ቤት አላስፈለገኝም፤ ሰፈሩ ውስጥም የለም። አማርኛውን ለመጨመር ቅንብሩ ውስጥ ገብቶ መምረጥ በቃ። ይህን ሁሉ ምቾት እወደዋለሁ። ሆኖም ጭነቱ እየሄደ ሳለ ቤቱ ጸጥ ማለቱ አልተስማማኝም፤ ከኋላዬ ቆሞ «አሁን ምን እያደረገ ነው?» የሚለኝ ሰው ፈለግኩ።

ገመዱን ከጭነቱ በፊት አግኝቼው ነበር። ከድሮው ሃርድ ዲስክ ውስጥ የእድሩ ፎልደር ወጣ፤ የአባቴ ፋይል መጨረሻው ኦዲቲ ነው። የጻፈበት ኦፕንኦፊስ ነበር። በኋላ የኦፕንኦፊስ ባለቤት የነበረው ሰን ኩባንያ በ2010 እ.ኤ.አ. በኦራክል ተጠቃለለ፤ በዚያው ዓመት ከሠሪዎቹ ብዙዎቹ ተለይተው ሊብረኦፊስን መሠረቱ። ባለቤት ተለወጠ፣ ስም ተለወጠ፣ ፕሮግራሙ ለሁለት ተከፈለ። የሰነዱ አሠራር ግን የማንም ብቻ አልነበረም፤ በ2006 እ.ኤ.አ. የዓለም አቀፍ ደረጃዎች ድርጅት ያጸደቀው፣ ማንም አንብቦ ሊሠራበት የሚችል ነው። ፋይሉን ሁለቴ ጠቅ አደረግኩ። ተከፈተ። ርእሱ መሐል ላይ፣ አንቀጾቹ በቁጥር፣ በየአንቀጹ መጨረሻ አራት ነጥብ። አባቴ ከነጥቡ በኋላ ሁለት ጊዜ ክፍተት ይመታ ነበር፤ የጽሕፈት መኪና ልማድ ነው፤ ያም ሳይቀር አለ። አንቀጽ ሰባት አባል ሲሞት እድሩ በስንት ሰዓት ውስጥ ድንኳን መትከል እንዳለበት ይናገራል። ሁሉንም አነበብኩት።

ከዚያው ፎልደር ውስጥ ያ የመጀመሪያው፣ ከዩኒኮድ በፊት የተጻፈው ፋይልም አለ። እሱ ዛሬም ዝባዝንኬ ነው። የተጻፈበት ሶፍትዌር በእጄ የለም፤ ቢኖርም በአሁኑ ማሽን ላይ አይነሳም። ሁለቱም የአንድ ሰው ድካም ናቸው፤ አንዱ ይነበባል፣ አንዱ አይነበብም። ልዩነቱ ፊደሉና ሰነዱ የተቀመጡበት መንገድ ክፍት መሆኑና አለመሆኑ ብቻ ነው። ሥርዓተ ክወና መቀየር የግል ምርጫ ነው ለሚሉኝ ሰዎች መልሴ ይህ ነው። ለማሽኑ አይደለም የምጨነቀው። ማሽን ይተካል። በውስጡ የሚቀመጠው የሰው ጽሑፍ ግን በአማርኛ ሲሆን ከማንም በላይ እኛው ካልተጠነቀቅንለት ሌላ የሚጠነቀቅለት የለም።

ስለዚህ እናንተም ቤት ውስጥ የቆየ ላፕቶፕ ካለ፣ ለዊንዶውስ 11 አይሆንም ስለተባለ ብቻ አትጣሉት፤ አንድ ፍላሽ ላይ ሊኑክስ አዘጋጁና ሳትጭኑ ሞክሩት፤ ካልተመቻችሁ ፍላሹን ነቅላችሁ ወደ ነበራችሁበት ትመለሳላችሁ። ከመጫናችሁ በፊት ፋይሎቻችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ። የአባት፣ የእናት፣ የእድር፣ የማኅበር ጽሑፍ በድሮው የአማርኛ ሶፍትዌር ተጽፎ የተቀመጠ ካላችሁ ደግሞ፣ የጻፉት ሰዎች ወይም ሶፍትዌሩን የሚያውቅ ሰው በሕይወት እያለ ወደ ዩኒኮድ አዘዋውሩት። የሚለውጥ መሣሪያ ካጣችሁ የታተመውን ቅጂ ይዛችሁ እንደ አባቴ ከአንቀጽ አንድ ጀምራችሁ ተይቡት።